ጽሑፍዎ ታትሞም የማይገኝባቸው ምክንያቶች፦ በሪሰርችጌትና በጉግል ስኮላር የሚሠሩ ስህተቶች

መተማ ላይ ስለ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ስለሚተላለፈው በሽታ) በጥንቃቄ የተሠራ ጥናት ታትሞም ሳይነበብ ሊቀር ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጥናቱ ሳይሆን፣ ተመራማሪው ሥራውን በሪሰርችጌት (የተመራማሪዎች ማኅበራዊ ድረ ገጽ) እና በጉግል ስኮላር (የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ ያስመዘገበበት መንገድ ነው። ጎንደር ላይ ለሚመራመሩ ደግሞ ይህ በቀላሉ የሚስተካከል ነገር ነው።

ስምን በየጽሑፉ መለዋወጥ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የውጭ የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዛሉ፤ የእኛ አሰያየም ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱ ጽሑፍ ላይ የራሱንና የአባቱን፣ ሌላው ላይ የአያቱንም ጨምሮ ያሳተመ ሰው እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል፤ ሳይቴሽኑም (ሥራው በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሰበት ብዛት) ለሁለት ይከፈላል። «ቅዱስ»ን አንዴ በኪው፣ አንዴ በኬ መጻፍም ያው ነው። «ገብረ መድኅን» ተነጣጥሎ ሲጻፍ «መድኅን» ብቻውን የአባት ስም ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ይምረጡ፣ ድርብ ስምን በላቲን ፊደል ያያይዙ፣ ከዚያም ኦርኪድ (ORCID) የተባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር ያውጡ። ነፃ ነው፤ 16 አሃዝ ያለው መለያ ይሰጥዎታል፤ የቀድሞ አጻጻፎችዎንም ማስገቢያ ቦታ አለው። የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል ብቻ አያስመዝግቡ፤ ሥራ ሲቀይሩ መለያው እንዳይቆለፍብዎ የግል ኢሜይልም ይጨምሩ። የተቋሙን ስም በእጅ ከመጻፍ ከሚቀርበው ዝርዝር ይምረጡ፤ «ጎንደር» በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት እየተጻፈ ብዙ ሥራ ተበታትኗል።

ጉግል ስኮላርን በግማሽ መተው

የተቋም ኢሜይልዎን ካላረጋገጡና ገጹን ለሕዝብ ክፍት ካላደረጉት፣ ገጽዎ በፍለጋ አይወጣም። ጽሑፎች በራሳቸው እንዲጨመሩም አይፍቀዱ፤ «ከመጨመሩ በፊት በኢሜይል አሳውቀኝ» የሚለውን ይምረጡ። በስም የሚመሳሰሉን ብዙ ስለሆንን የሌላ ሰው ሥራ ሾልኮ ይገባል። የሰው ሥራ በስምዎ ተመዝግቦ ሲገኝ ደግሞ በዕድገት ኮሚቴ ፊት ማስረዳቱ ከባድ ነው።

የአሳታሚውን ፒዲኤፍ ሳያጣሩ መጫን

የጆርናል አሳታሚዎቹ ኤልሴቪየርና የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ሪሰርችጌትን የከሰሱት በዚሁ ጉዳይ ነው። እንደ ፕሎስ ዋን ባሉ ክፍት ጆርናሎች የወጣውን፣ ምንጩን ጠቅሶ መጫን ይቻላል። ሌላው ከሆነ የጆርናሉን ፖሊሲ ያንብቡ፤ ብዙዎቹ ከገምጋሚዎች እርማት በኋላ ተቀባይነት ያገኘውን፣ ገና በአሳታሚው ያልተቀናበረውን ቅጂ ከተወሰኑ ወራት በኋላ ይፈቅዳሉ። ቅጂው ላይ ዲኦአይ (የታተመው ጽሑፍ ቋሚ መለያ) መጻፍ አይርሱ፤ አንባቢው የታተመውን እንዲጠቅስ ያደርጋል።

የንባብ ቁጥርን እንደ ተጽዕኖ ማቅረብ

ሪሰርችጌት ራሱ ለተመራማሪዎች ይሰጠው የነበረውን አር ጂ ስኮር የሚባል ነጥብ እ.ኤ.አ. በ2022 አንስቶታል። ንባብ ማለት ሰው ገጹን ከፈተ ማለት ብቻ ነው። ኤች ኢንዴክስ 8 ማለት ግን እያንዳንዳቸው ቢያንስ 8 ጊዜ የተጠቀሱ 8 ጽሑፎች አሉ ማለት ነው። እሱም ቢሆን መተማ ጤና ጣቢያ ላይ ምን እንደተለወጠ አይነግርም፤ ግኝቱን በአንድ ገጽ አማርኛ አዘጋጅተው ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያድርሱ።