ኒውክሊዮለስ ሲቆጠር የሚያሳስቱ ነገሮች

ደሴ ብርዱ ሲበረታ ባቄላ ሥር ለማውጣት ይለግማል። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ቀናት የጠበቀ ተማሪ በመጨረሻ የሥሩን ጫፍ ቆርጦ፣ አቅልሞና በመስታወት ጨፍልቆ ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያጎነብስ ኒውክሊዮለሱ (በሕዋሱ ኒውክሊየስ ውስጥ ያለው፣ ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦሶሞች የሚዘጋጁበት ክብ አካል) ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱን ቶሎ ማግኘት ይፈልጋል። ባለፈው አንዷ «መምህር፣ የባቄላ ኒውክሊዮለስ አንድ ነው» አለችኝ፤ አጠገቧ የተቀመጠው «ሁለት ነው» ብሎ ተሟገታት። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት።

የተሳሳቱት በአንድ ሕዋስ መፍረዳቸው ላይ ነው። ባቄላ 12 ክሮሞሶም አለው። ኒውክሊዮለስ የሚፈጠርበት የራይቦሶም ዘረመል የተከማቸው በረጅሙ ጥንድ ላይ ስለሆነ በአንድ ኒውክሊየስ ውስጥ ቢበዛ ሁለት ኒውክሊዮለስ ይወጣል። ሕዋሱ ተከፍሎ እንዳበቃ ሁለቱ ለየብቻ ብቅ ይላሉ፤ ቆይተው ግን ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ የዘይት ጠብታ ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ብዙ ሕዋስ ቆጥሮ ከፍተኛውን ቁጥር መያዝ ነው። አማካዩ አይረዳም፤ የሚነግረን ስንቱ እንደተዋሃደ እንጂ ስንት ቦታ እንዳለ አይደለም። እኔ የምፈልገው ጎን ለጎን የቆሙ፣ ገና ከክፍፍል የወጡ ትንንሽ መንትያ ኒውክሊየሶችን ነው።

ክሮሞሶም ሲቆጠር ደግሞ 12 መሆን የነበረበት 13 ወይም 14 ሆኖ ይመጣል። የራይቦሶም ዘረመል ያለበት ቦታ እንደሌላው ክፍል ጠብቆ ስለማይጠቀለል ክሮሞሶሙ እዚያ ላይ ይቀጥናል። በአውራ ጣት ጠንክረው ሲጫኑት ቅጥነቱ ይለጠጥና ከወዲያ ያለው ክፍል የተገነጠለ ይመስላል። ተማሪ ሳለሁ እኔም 14 ብዬ ጽፌ አውቃለሁ፤ ያውም በእስክሪብቶ። ብርሃኑን ቀነስ አድርጎ በመካከል የቀረውን ቀጭን ክር መፈለግ ያድናል።

በፎይልገን ማቅለሚያ ኒውክሊዮለስ አይታይም፤ ማቅለሚያው የሚይዘው ዲኤንኤን ስለሆነ ቦታው ባዶ ጉድጓድ መስሎ ይቀራል። «የለም» ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉም የሚከፋው በብር ናይትሬት ያልጠቆረውን ቦታ ዘረመል የለውም ማለት ነው። ብሩ የሚያጠቁረው ከክፍፍሉ በፊት ሥራ ላይ የነበረውን ቦታ ፕሮቲን ነው፤ ዝም ያለውን ያልፈዋል። በዳቦ ስንዴ ጎልተው የሚወጡት 1ቢ እና 6ቢ የሚባሉት ክሮሞሶሞች ናቸው፤ ዘረመሉ ግን በ5ዲም ላይ አለ። ስንዴ ራይ ከሚባለው እህል ጋር ተዳቅሎ በተገኘው ትሪቲካሌ ደግሞ የራዩ ወገን ዝም ይላል። ዘረመሉ አልጠፋም፤ የዲኤንኤን ሜቲል (ዘረመልን ዝም የሚያሰኘውን ኬሚካላዊ ምልክት) በሚቀንሰው አዛሲቲዲን በሚባል ኬሚካል ሥሩን ሲያክሙት ይነቃል። የክሮሞሶም ተመራማሪው ናቫሺን በ1934 ክሬፒስ በሚባሉ እጽዋት ዲቃሎች ላይ ያየውም ይህንኑ የአንዱን ወላጅ መዋጥ ነበር። ዘረመሉ የት እንዳለ የሚጠይቅ ሰው በዘረመሉ ላይ የሚያበራ (ፍሎረሰንት) ምልክት የሚለጥፈውን ዘዴ ይጠቀም፤ የትኛው እንደሠራ የሚጠይቅ ብሩን ይያዝ። አንዱን በሌላው ምትክ ያደረገ ሰው ያልጠየቀውን ይመልሳል።

5ኤስ የሚባለው ትንሹ የራይቦሶም ዘረመልም ከትልቁ ጋር አብሮ የተቀመጠ የሚመስላቸው አሉ። በአብዛኞቹ አበባ አውጪ እጽዋት ለየብቻ ናቸው። አሪቲ በሚመደብበት የአርቴሚዥያ ወገን ግን ተያይዘው ይገኛሉ፤ ስለዚህ በግምት አይሆንም።

የመጨረሻው ስህተት የዘረመሉን አድራሻ ከመጽሐፍ መገልበጥ ነው። የዘረመል ተመራማሪዋ ባርባራ ማክሊንቶክ በ1934 በበቆሎ ስድስተኛ ክሮሞሶም ላይ ያሳየችው ለበቆሎ ነው። በገብስ ዋናዎቹ ቦታዎች በ5ኛውና በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ ስለሆኑ እስከ አራት ኒውክሊዮለስ ይጠበቃል። ሽንኩርት ደግሞ ጭራሽ አይጨበጥም፤ በ1985 የወጣ ጥናት በሽንኩርት ወገን እነዚህ ቦታዎች ከክሮሞሶም ወደ ክሮሞሶም እንደሚዘሉ አረጋግጧል። ከገበያ የተሸመተ ሽንኩርት የአንድ እናት ልጅ አይደለም፤ የአምስት ራስ ሥር አንድ ብልቃጥ ውስጥ የጨመረ ተማሪ ልዩነት ሲያይ ከየትኛው ራስ እንደመጣ አያውቅም። አሁን እያንዳንዱን ራስ በየራሱ የሻይ ብርጭቆ ላይ አስቀምጠን ቁጥሩን በፕላስተር እንለጥፋለን፤ ያው ቁጥር እስከ ስላይዱ ጫፍ ድረስ ይከተለዋል።