በነባሩ የቤት ማሞቂያ ላይ ተጨማሪ ራዲያተር እንዴት እንደሚገጠም

ቤት ሲሰፋ ወይም አንዱ ክፍል አልሞቅ ሲል፣ ብዙ ሰው ቀድሞ ራዲያተር ይገዛና ስለ ቀሪው በኋላ ያስባል። ስሌቱ መቅደም አለበት። ቦይለሩ ያሞቀውን ውሃ ፓምፑ በመሄጃ ቧንቧ ወደ ራዲያተሮቹ ይገፋል፤ ሙቀቱን የሰጠው ውሃ በመመለሻው በኩል ይመጣል። አዲሱ ራዲያተር ድርሻውን የሚወስደው ከዚሁ ውሃ ነው። የሚከተለው አሠራር መሄጃውና መመለሻው ለየብቻ ለሆኑበት የሙቅ ውሃ መስመር እንጂ በእንፋሎት ለሚሠራ ማሞቂያ አይሆንም።

በቦይለሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ። ለገላ መታጠቢያ ውሃ የተጻፈው ኃይልና ለቤት ማሞቂያ የተጻፈው ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። የነባሮቹን ራዲያተሮች ኃይል ይደምሩ። ለምሳሌ ቦይለሩ 18 ኪሎዋት፣ ነባሮቹ በድምሩ 11 ኪሎዋት ከሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት ራዲያተሮችን ያለ ችግር ይሸከማል።

በራዲያተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ሁኔታ አለው። ብዙውን ጊዜ የሚለካው ውሃው በ75 ዲግሪ ገብቶ በ65 ሲወጣ፣ ክፍሉም 20 ዲግሪ ሲሆን ነው። የእርስዎ ቦይለር ውሃውን በ55 ዲግሪ የሚልክና በ45 የሚቀበል ከሆነ፣ ያው ራዲያተር የሚሰጠው ሙቀት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ስፋት ያለውን መምረጥ ይሻላል። ብዙዎች ቦይለሩን የሚወቅሱበት ቅዝቃዜ ምንጩ ይኸው ሲሆን አይቻለሁ።

ከዚያ መስመሩን የት እንደሚቀጥሉ ይወስኑ። በመሄጃውና በመመለሻው ውሃ መካከል የ20 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር፣ 15 ሚሊሜትር የመዳብ ቧንቧ 6 ኪሎዋት ገደማ ያደርሳል። በርካታ ራዲያተሮችን ከሚመግብ ቀጭን ቧንቧ ጫፍ ላይ ሌላ አያንጠልጥሉ፤ ወፍራሙን ዋና መስመር ይፈልጉ። የትኛው መሄጃ እንደሆነ ለመለየት፣ ማሞቂያው ቀዝቅዞ ሳለ ያስነሱትና ቀድሞ የሚሞቀውን ቧንቧ በእጅዎ ይዳስሱ። ውሃው ከወጣ በኋላ ይህን ማወቅ ስለማይቻል ምልክት ያድርጉበት። ሁለቱንም ጫፍ በስህተት ከአንድ ቧንቧ ጋር ማገናኘት ያልተለመደ አይደለም።

አሁን ኤሌክትሪኩን ያጥፉ፤ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ የመሙያውን ቫልቭ ይዝጉ። በዝቅተኛው መውጫ ላይ ጎማ አስገብተው ውሃውን ያስወጡ፤ ላይኛው ፎቅ ያሉትን የአየር መክፈቻዎችም ይክፈቱ። የሚወጣው ውሃ ጥቁር ሊሆን ስለሚችል ወለሉን ይሸፍኑ።

ራዲያተሩን በውሃ ልክ እየለኩ፣ ከወለሉ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉ። ቫልቮቹን በቴፍሎን ጠቅልለው ያጥብቁ። በሁለቱም መስመር ላይ ቲ (ሦስት አፍ ያለው መጋጠሚያ) አስገብተው መሄጃውን ከመሄጃ፣ መመለሻውን ከመመለሻ ያገናኙ። ግፊቱ ሳይፈተን መጋጠሚያዎቹን በግድግዳ ወይም በወለል ውስጥ አይድፈኑ። የጋዙን መስመርና የቦይለሩን ሽፋን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተዉ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከመሙላትዎ በፊት፣ ግፊቱ ዜሮ ሳለ፣ የማስፋፊያውን ታንክ (ውሃው ሲሞቅ የሚጨምረውን መጠን የሚቀበለውን፣ አየር የታመቀበትን ዕቃ) የአየር ግፊት ይለኩ። 100 ሊትር ውሃ ከ10 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 3 ሊትር ገደማ ይጨምራል፤ አዲሱ ራዲያተር ያመጣው ውሃም መስፋፊያ ይፈልጋል። ዝገት መከላከያ ፈሳሽ ይጨምሩ፤ የቀደመው ከውሃው ጋር ወጥቷል። ከዚያ በቀዝቃዛው ከ1 እስከ 1.5 ባር ይሙሉ። ፓምፑ ጠፍቶ ሳለ ከታችኛው ፎቅ ጀምረው አየሩን ያስወጡ፤ የወረደውን ግፊትም መልሰው ይሙሉ። ሲሞቅ ግፊቱ ወደ 3 ባር ከተጠጋ ታንኩ አንሷል ወይም አየሩ አልቋል፤ የደኅንነት ቫልቩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በዚያ ግፊት ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ ለፓምፑ የቀረበው ራዲያተር ሲፋጅ የሩቁ ለብ ብሎ ይቀራል። ሁሉንም ቫልቮች ይክፈቱና የትኞቹ ቀድመው እንደሚሞቁ ይመዝግቡ። በእነዚያ የመመለሻ በኩል ያለውን ቫልቭ በጥቂቱ ይዝጉ፤ የሩቆቹን ክፍት ይተዉ። በመግቢያና በመውጫ ቧንቧ ላይ ቴርሞሜትር አስረው፣ የሁሉም ልዩነት እስኪቀራረብ ያስተካክሉ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ድካሙ ግን ይገባዋል። የፓምፑን ፍጥነት መጨመር አቋራጭ ቢመስልም፣ ሚዛኑ ሳይስተካከል የሚያተርፈው በቧንቧ ውስጥ የሚጮህ ውሃ ነው።

የግድግዳው ቴርሞስታት (የክፍሉን ሙቀት እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው መሣሪያ) ባለበት ክፍል ራዲያተር ላይ፣ ክፍሉ ሲሞቅ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ አይግጠሙ፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ። ከአዲሱ ውሃ ውስጥ አየር ቀስ እያለ ስለሚወጣ፣ ከሳምንት በኋላ ራዲያተሮቹን አንድ ጊዜ እንደገና ያናፍሱ፤ መጋጠሚያዎቹንም በደረቅ ወረቀት ጠረግ እያደረጉ እርጥበት እንዳለ ይመልከቱ።