ለቤት የሚሆን ትንሽ የጊታር አምፕ ስትመርጡ

የመጀመሪያ አምፔን፣ የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ የሚያጎላውን ሳጥን፣ የገዛሁት ዋት ቆጥሬ ነው። 100 ዋት፣ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ ሲያዩት የሚያስፈራ። መኝታ ቤት ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ማስተር የምትባለዋ የድምፅ ማዞሪያ 2 ደርሳ አታውቅም። 1 ላይ ትንኝ ይመስላል፣ 1 ተኩል ላይ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። በሁለቱ መሃል ያለችውን ቀጭን ቦታ ለማግኘት ማዞሪያዋን በጥፍሬ ጫፍ ገፋ መለስ ሳደርግ ያጠፋሁትን ጊዜ ብለማመድበት ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነበርኩ።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። አምፑን ቤታችሁ በምትጫወቱበት የድምፅ ልክ መዝኑት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ሞዴሊንግ አምፕ ለቤት የሚመቸውም ለዚሁ ነው። ባለ ቲዩብ አምፕ (ድምፁን አምፖል በመሰሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚያጎላው የድሮው ዓይነት) ጣዕሙ የሚወጣው ሲጨነቅ ነው። ቮልዩሙ ከፍ ሲል ቲዩቡም ስፒከሩም ይወጠራሉ፣ ያ የምንወደው ሻከር ያለ ድምፅ፣ ዲስቶርሽን የሚባለው፣ ይመጣል፣ ዝቅ ስታደርጉት አብሮ ይጠፋል። ሞዴሊንግ አምፕ ግን ያንን ውጥረት የሚሠራው በስሌት ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ የጊታራችሁን ሲግናል ይቀበልና የሆነ የታወቀ አምፕ ቢሆን ምን ያደርገው እንደነበር እያሰላ ያወጣላችኋል። ስለዚህ ዲስቶርሽኑ ከድምፁ መጠን ጋር አልተጣበቀም፤ ልጅ ተኝቶም ሜታል መምታት ይቻላል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ላይን 6 ፖድ የምትባለዋን ኩላሊት የመሰለች ቀይ ዕቃ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ዛሬ ያ ሁሉ ከነስፒከሩ የጫማ ካርቶን በሚያህል ሳጥን ውስጥ ይገባል።

ወደ ዋቱ ልመለስ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ከ10 ዋት ወደ 20 ዋት ስትሄዱ የምታገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችሁ "እጥፍ ጮኸ" እንዲላችሁ ዋቱ 10 እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ለአንድ ክፍል ከ5 እስከ 20 ዋት ይተርፋል። ባለ 50 ዋቱ ቦስ ካታና እንኳ ኃይሉን ወደ ግማሽ ዋት የምታወርዱበት ማብሪያ አለው። ሠሪዎቹም የት እንደምንጫወት ያውቃሉ ማለት ነው።

ስፒከሩ ግን ቁም ነገር ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የጊታር ስፒከር የሚባለው ነው፣ 8 ወይም 10 ወይም 12 ኢንች፣ ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በጣም ይቀንሰዋል፣ ለዚህም ነው ዲስቶርሽን በእሱ ሲወጣ ጆሮ የማይወጋው። የፌንደር ሙስታንግ ኤልቲ25 ባለ 8 ኢንች ሆኖ በዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ሙሉ ድምፅ የሚያወጣ ትንንሽ ጥንድ ስፒከር ነው፤ ያማሃ ቲኤችአር10 ሁለት ባለ 8 ሴንቲሜትር፣ የፖዚቲቭ ግሪድ ስፓርክ 40 ደግሞ ሁለት ባለ 4 ኢንች አላቸው። እነዚህ ከስልክ ዘፈን ስታጫውቱባቸው እንደ ደህና ቴፕ ያምራሉ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከዘፈን ጋር የምትለማመዱ ከሆነ እኔ እነዚህን ነው የምለው። ቆም ብላችሁ አየሩ ሲመታችሁ ደስ የሚላችሁ፣ አልፎ አልፎም ከጓደኛ ጋር የምትጫወቱ ከሆነ ግን ወደ 8 ኢንቹ ሂዱ።

ትንንሾቹ አንድ ድክመት አለባቸው። የጊታር ወፍራሟ ክር በጣት ሳትጫን ስትመታ 82 ኸርዝ አካባቢ ነው። ጣት የሚያህል ስፒከር ይህን በቀላሉ አያወጣውም፣ ስለዚህ ሳጥኑም ስሌቱም ተረባርበው ባሱን ያሳብጡታል። አንዳንዱ ያምርበታል። አንዳንዱ ባዶ ጀሪካን የመቱ ይመስላል።

ልትሞክሩ ስትሄዱ የራሳችሁን ጊታር ያዙ። በሰው ውድ ጊታር የማያምር አምፕ የለም። ከዚያ መጀመሪያ የምታደርጉት ሪቨርቡን (አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ የሚያስተጋባውን)፣ ዲሌዩን (ድምፁን የሚደጋግመውን)፣ ያለውን ኢፌክት ሁሉ ማጥፋት ነው። ፋብሪካው ሞልቶ የሚልካቸው ፕሪሴቶች (ተዘጋጅተው የሚመጡ ድምፆች) ሪቨርብ ውስጥ የተነከሩ ናቸው፣ ሱቅ ውስጥ እንድትደነግጡ ነው የተሠሩት። ድምፁን ዝቅ አድርጉት፣ ከጎናችሁ ካለ ሰው ጋር ሳትጮኹ ማውራት እስክትችሉ ድረስ። ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ባሱንና በጣም ቀጭኑን ድምፅ ከመሃሉ ይልቅ ያጣቸዋል። ሱቅ ውስጥ ጮክ ብሎ ያማረ አምፕ ቤት ሲገባ የሚሟሽሸው አንዱ በዚህ ነው። በተቃራኒው ማታ በሹክሹክታ ያስተካከላችሁት ድምፅ ቀን ከፍ ሲል ባሱ ይጎርፋል፣ ያን ጊዜ አትደንግጡ፣ ባሱን ቀንሱ።

አሁን ክሊኑን፣ ያልሻከረውን ንጹሕ ድምፅ፣ ሞክሩ። አንድ ኮርድ ምቱና ዝም በሉ፣ እስኪሞት አዳምጡት። ደህና ሞዴል ለስለስ እያለ ይጠፋል፤ ደካማው መጨረሻ ላይ ይንኮሻኮሻል ወይም ድንገት ቁርጥ ይላል። ቀጥሎ ጌይኑን (ድምፁ ምን ያህል እንደሚሻከር የሚወስነውን ማዞሪያ) ከፍ አድርጉ፣ ትንሽ መሻከር ሲጀምር አቁሙ። እዚያው ላይ ጊታሩ ላይ ያለውን ቮልዩም ከ10 ወደ 5 አውርዱት። ድምፁ መጥራት አለበት። ከመጥራት ይልቅ ዝም ብሎ ካነሰ ለእጃችሁ የማይመልስ አምፕ ነው፣ እኔ እዚህ ላይ ነው አመስግኜ የምወጣው። በመጨረሻ ጌይኑን ሙሉ አድርጉና ወፍራሟን ክር በመዳፋችሁ አፍናችሁ ምቷት። ያ የጀሪካኑ ነገር ካለ እዚህ ይጋለጣል።

መቶ አምፕ፣ ሃምሳ ኢፌክት የሚለውን አትቁጠሩ። ከወር በኋላ የምትጠቀሙት ሦስቱን ነው። ይልቅ ጌይን፣ ቮልዩም፣ ባስ፣ ሚድ፣ ትሬብልና ሪቨርብ አምፑ ላይ በእጅ የሚዞሩ መሆናቸውን እዩ። የነበረኝ አንድ አምፕ ሪቨርቡ የሚስተካከለው በስልክ አፕ ብቻ ነበር። ስልኬ ላይ አዲስ ሲስተም ስጭን አፑ አልከፈት አለ፤ ለሦስት ሳምንት ዋሻ ውስጥ እንዳለ ሰው ተጫወትኩ። አፕ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ያለ አፕ የማይሠራ አምፕ ግን ዕድሜው በሰው እጅ ነው።

ብሉቱዝ ካለው ዘፈን ለማጫወት ግሩም ነው። በብሉቱዝ ሄድፎን የራስን ጊታር ለመስማት ግን አይሆንም። መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ ይበልጣል። ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ 150 ሚሊሰከንድ ማለት አምፑን 50 ሜትር ርቃችሁ እንደመጫወት ነው። ባለ ገመድ ሄድፎን ያዙ፣ ስትሰኩት ስፒከሩ መዘጋቱንም አረጋግጡ።

መቅረጽ የምትፈልጉ ዩኤስቢውን በደንብ መርምሩ። ቀዳዳው መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም፣ አንዳንዱ ቻርጅ ለማድረግ ወይም ሶፍትዌር ለማደስ ብቻ ነው። ማኑዋሉ ላይ ዩኤስቢ ኦዲዮ የሚል ካለ አምፑ ራሱ ሳውንድ ካርድ ሆኖ ይሠራል። ስምም አያታልላችሁ፤ የመጀመሪያው ካታና ሚኒ ከትልቁ ካታና ጋር ስም ይጋራል እንጂ ጌይኑ አናሎግ ነው፣ ዩኤስቢም የለውም። ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ የአምፑን አዚዮ (ASIO) ድራይቨር፣ ድምፁ ሳይዘገይ ኮምፒውተሩ ጋር እንዲደርስ የሚያደርገውን ሶፍትዌር፣ ጫኑ፣ አለበለዚያ መዘግየቱ ያበሳጫችኋል። በመቅረጫው ፕሮግራም ውስጥ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅምበትን ልክ) 128 ላይ ካደረጋችሁት በ44,100 ኸርዝ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ነው፣ ሌላው መንገድ ተጨምሮበትም እጅ አይሰማውም። አንድ ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል። ጊታሩ ሁለት ጊዜ ከተሰማችሁ አንዱ ከአምፑ በቀጥታ፣ ሌላው ከኮምፒውተሩ ዞሮ የመጣ ነው። የፕሮግራሙን ሞኒተር፣ ስትጫወቱ ድምፁን መልሶ የሚያሰማችሁን ቁልፍ፣ አጥፉት፣ አለቀ።

ቢቻል ጥሬውን ድምፅ አብሮ የሚልክ አምፕ ፈልጉ። ያማረውን በአንድ ትራክ፣ ኢፌክት ያልነካውን በሌላ ትራክ ትቀርጻላችሁ፤ ነገ ዲስቶርሽኑ ካስጠላችሁ እንደገና ሳትጫወቱ ጥሬውን በሌላ አምፕ ሞዴል ታሳልፉታላችሁ። ስትቀርጹ ሜትሩ ከፍ ሲል ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ፣ ቀዩን አታስነኩት። ጌይኑን ብቻችሁን ስትጫወቱ ከምትወዱት ቀነስ አድርጉ። ወፍራም ድምፅ የሚመጣው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አንዱን ግራ ሌላውን ቀኝ በማድረግ ነው።

ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ እያለ በዩኤስቢ ስታገናኙት የሚያፏጭ ቀጭን ጩኸት ከመጣ አምፑን አትውቀሱ። ቻርጀሩን ንቀሉና ስሙ። ጠፋ? በባትሪ ቅረጹ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ኬብሉን ሰክታችሁ ጃኩን ወዝወዝ አድርጉት፣ ከተንጫጫ ዋጋ ቀንሱበት። የራሱን አዳፕተር መቀበላችሁን አትርሱ። ብዙ የጊታር ዕቃ መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ አዳፕተር ነው የሚፈልገው፣ ቤት ያገኛችሁትን 9 ቮልት ዝም ብላችሁ ብትሰኩበት ልታቃጥሉት ትችላላችሁ።

ቤት ሲገባ ደግሞ መሬት ላይ፣ ጥግ ውስጥ አታስቀምጡት። ጥግ ባሱን ያሳብጠዋል፣ ቀጭኑ ድምፅም ለቁርጭምጭሚታችሁ ነው የሚዘፍነው። የእኔዋ አሁን የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ፣ ወንበር ላይ ስቀመጥ ከጆሮዬ ትይዩ ነች። ኬብሉ እንደተሰካ ነው፤ ማብራት ብቻ ነው የሚቀረኝ።