ኳየር፣ ብራስና ኦርጋን በአንድ ጣሪያ ሥር፦ በእንግሊዝ የክብረ በዓል ሙዚቃ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ንጉሡ ገና አልደረሱም፤ መዝሙሩ ግን አልቋል። ኦገስት 9 ቀን 1902 በዌስትሚንስተር አቢ፣ በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሂዩበርት ፓሪ ለዚያ ቀን የደረሰው «አይ ዎዝ ግላድ» («ደስ አለኝ») የንጉሡን አገባብ እንዲያጅብ የታሰበ ነበር። የሙዚቃው መሪ ፍሬድሪክ ብሪጅ ጊዜውን ሳተውና ኳየሩ (የመዘምራኑ ቡድን) ቀድሞ ጨረሰ። ኦርጋን ላይ የነበረው ዋልተር አልኮክ ከራሱ እያፈለቀ ክፍተቱን ሞላ፤ ንጉሡ ሲደርሱም ኳየሩ እንደገና መዘመር ግድ ሆነበት።

የዚህ ሙዚቃ ጌታው ሥርዓቱ ነው። ሰልፍ ይገባል፣ ንጉሥ ይቀባል፣ ሕዝብ ይነሣል፤ ሙዚቃው ከዚያ እኩል መድረስ አለበት። ስለዚህም የሚበላሸው አብዛኛው ነገር የሚበላሸው አንድም ሰው ትንፋሹን ሳያወጣ፣ ገና ጠረጴዛ ላይ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሰልፉን ርዝመት በዓይን መገመት

ካህናት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መስቀል አስቀድመው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ሲሄዱ በሴኮንድ ከ70 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፉም። 60 ሜትር ለመሄድ የፊተኛው ሰው 85 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው። ከኋላው 20 ረድፍ በአንድ ሜትር ተኩል ልዩነት ከተሰለፈ፣ ጭራው እስኪገባ ሌላ 40 ሴኮንድ ይጨመራል። ይህን በወረቀት አስልቶ ብቻ መተው አይበቃም። በልምምዱ ቀን በዚያው ልብስና በዚያው ጫማ አስኪደው ሰዓት ይያዙ።

ከዚያ በኖታው ላይ ሁለት ቦታ ያስምሩ፦ ሰልፉ ከዘገየ የሚደገምበትን፣ ከፈጠነ የሚዘለልበትን። በሩ ላይ የቆመው ሰው ለመሪው የሚሰጠው ምልክት አንድ ብቻ ይሁን፤ ትንሽ የእጅ ባትሪ ከስልክ መልእክት ይሻላል፣ መልእክት የሚደርሰው ሲመቸው ነውና። ኦርጋኒስቱ ክፍተት መሙላት ካለበት በየትኛው ቁልፍ (የዜማው መነሻ ድምፅ) እንደሚጀምርና በምን እንደሚመለስ ቀድሞ ይወሰን። አልኮክን የመሰለ ሰው በየደብሩ አይገኝም።

የተዘለለውን ክፍል በአንድ ኖታ ላይ ብቻ ማስመር

«አይ ዎዝ ግላድ» መካከሉ ላይ «ቪቫት» የሚል የላቲን ጩኸት አለው፤ «ይኑር» እንደማለት ነው። በዘውድ በዓል ይህን የሚጮኹት የዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው። በ2023 ለንግሥት ካሚላና ለንጉሥ ቻርልስ በየስማቸው ተጮኋል። ንጉሥ በሌለበት፣ በሠርግ ወይም በተራ ክብረ በዓል ላይ ግን ክፍሉ ይዘለላል፤ መዝለሉም ትክክል ነው።

ጣጣው የሚመጣው መሪው በኳየሩ ኖታ ላይ መስመር አስምሮ የብራሱን (የነሐስ መሣሪያ ነፊዎቹን) ሲረሳው ነው። ኳየሩ ለኢየሩሳሌም ሰላም ወደሚለምነው ጸጥ ያለ ክፍል ሲገባ ሁለተኛው ትሮምቦን ብቻውን ለሌለ ንጉሥ ይነፋል። ኖታው ኪራይ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ተከራይ ያሰመረው እርሳስ አብሮ ይመጣል፤ አንዱ ተጫዋች የእርስዎን መስመር፣ ሌላው የማያውቁትን ሰው መስመር ይከተላል። መፍትሔው አድካሚ ቢሆንም ቀላል ነው፦ ሁሉንም ክፍሎች አንድ ሰው ይሰብስብ፣ የድሮውን ያጥፋ፣ አዲሱን በራሱ እጅ ያስምር። የባር (ኖታው የሚከፋፈልበት የምት ክፍል) ቁጥሩ በኳየሩና በመሣሪያዎቹ ኖታ ላይ ላይመሳሰል ስለሚችል አስቀድሞ ያመሳክር።

የ«አይ ዎዝ ግላድ» ቃል የተወሰደበትን ጥቅስ በአማርኛ ለሚያትሙም አንድ ማሳሰቢያ፦ እንግሊዞች መዝሙር 122 የሚሉት በእኛ አቆጣጠር 121 ነው።

ብራስ ሁሉ አንድ ዓይነት ኖታ ያነባል ብሎ ማሰብ

«ሦስት ትራምፔት፣ ሦስት ትሮምቦን፣ አንድ ቱባ» ብለው ኖታ አዘዙ እንበል። ተጫዋቾቹን ያመጡት ከአካባቢው ብራስ ባንድ ከሆነ ኖታው ላይነበብ ይችላል። በእንግሊዝ የብራስ ባንድ ልማድ ከባስ ትሮምቦን በቀር ሁሉም፣ ትልቁ ባስ ሳይቀር፣ በትሬብል ክሌፍና (ክሌፍ የኖታውን ከፍታ የሚወስን የመነሻ ምልክት ነው) በተሸጋገረ፣ ማለትም የተጻፈው ከሚሰማው በሚለይ፣ ኖታ ያነባል። የኦርኬስትራ ትሮምቦን ኖታ ግን በባስ ወይም በቴነር ክሌፍ ይጻፋል። ሆርንም እንዲሁ ነው፤ ኦርኬስትራው በኤፍ፣ ባንዱ በኢ ፍላት። ሲደውሉ «ትሮምቦን ትጫወታለህ?» ብቻ አይበሉ፤ «በየትኛው ክሌፍ ታነባለህ?» ብለው ይጨምሩ።

የሕንፃውን ሙቀት ችላ ማለት

ብዙ ልምምድ ያደረገ ቡድን በበዓሉ ቀን ከኦርጋኑ ጋር የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። የኦርጋን ቧንቧ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ድምፁ ይወጣል፣ ሲበርድ ይወርዳል፤ ለአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 3 ሴንት ያህል። አንድ ሰሚቶን (በሁለት ጎረቤት ድምፆች መካከል ያለው ትንሹ ርቀት) 100 ሴንት ነው። በ20 ዲግሪ 440 ኸርዝ ላይ የተቃኘ ኦርጋን ቤቱ 12 ዲግሪ ሲሆን 24 ሴንት ይወርዳል፤ 434 ገደማ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ትራምፔቱን ግን የተጫዋቹ ትንፋሽ ከውስጥ ስለሚያሞቀው አብሮ አይወርድም።

ኦርጋኑን በዚያች ሰዓት ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ የሚንቀሳቀሰው ብራሱ ነው። ለ24 ሴንት የቢ ፍላት ትራምፔት ዋና መቃኛ ቱቦ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ መሳብ አለበት። ቱቦው ሁለት ክንድ ስላለው አንዱ ሳንቲ ሜትር ሁለት ይሆናል። የየቫልቩ ቱቦዎችም ትንሽ ትንሽ ይከተላሉ። በበጋ ተቃራኒው ይመጣል፦ ኦርጋኑ ይወጣል፣ ቱቦውን እስከ መጨረሻው አስገብቶ የኖረ ተጫዋችም መሄጃ ያጣል። እሱን ያኔ ማንም አይረዳውም።

ነገሩን የሚያባብሰው የኦርጋኑ ቧንቧዎች ሁሉ እኩል አለመንቀሳቀሳቸው ነው። ትራምፔትና ኦቦ የሚባሉት ምላስ ያላቸው ስቶፖች (የቧንቧ ረድፎች) በሙቀት ብዙም አይነቃነቁም፤ ሌሎቹ ይሸሻሉ። ስለዚህ ማሞቂያው በልምምዱም በበዓሉም በተመሳሳይ ሰዓት ይለኮስ፣ ቃኚውም ምላስ ያላቸውን ስቶፖች ሕዝቡ በሚቀመጥበት ሙቀት ይቃኛቸው። የድሮ ኦርጋን ከሆነ ከሁሉ በፊት ይለኩት። እስከ 1896 ድረስ እንግሊዝ አገር የሠለጠነው ከፍተኛ ቅኝት 452 አካባቢ ነበር፤ በዚያ ቀርቶ ያልተለወጠ ኦርጋን ካጋጠመዎት ምንም ዓይነት ቱቦ መግፋት አያድንዎትም።

ኦርጋኑ ሁሉንም ልሁን ሲል

ኦርጋኒስቱ ብቻውን ሲያጅብ የሚጠቀምበት ኖታ ኦርኬስትራው ተጨምቆ የገባበት ነው። ብራስ ሲመጣ ያንኑ ይዞ ከቀጠለ የትሮምቦኑን ድምፅ ሁለቱም ይጫወቱታል፤ ሁለቱም በጥቂት ሴንት ስለሚለያዩ ድምፁ ይርገበገባል። ለብራስና ለኦርጋን ተብሎ የተዘጋጀ የኦርጋን ክፍል ካለ እሱን ይያዙ። ከሌለ ብራሱ ሲገባ ኦርጋኒስቱ ምላስ ያላቸውን ስቶፖች ይዝጋና ጣሪያውንና ወለሉን ይያዝ፦ ከላይ ሚክስቸር (ቀጫጭን ድምፅ ያላቸው ቧንቧዎች ድብልቅ)፣ ከታች በእግር የሚጫወቱት ወፍራም ድምፅ ያለው ባለ 16 ጫማ ፔዳል፣ ካለም ባለ 32። መሐሉ የብራሱ ነው።

በነገራችን ላይ በእንግሊዝ ኦርጋን ላይ «ቱባ» ተብሎ የተጻፈው እጀታ ከመሣሪያው ቱባ ጋር ስሙ እንጂ ድምፁ አይገናኝም። በከፍተኛ የአየር ግፊት የሚጮኽ፣ ኃይለኛ የትራምፔት ዓይነት ስቶፕ ነው፤ የዮርክ ሚንስተር «ቱባ ሚራቢሊስ» ስመ ጥር ነው። ከብራስ ጋር አብሮ ከተሳበ የትራምፔት ተጫዋቾቹን ወደ ቤታቸው መሸኘት ይቻላል።

የ«ዘዶክ» መግቢያን ቀድሞ ማፈንዳት

ሄንድል «ዘዶክ ዘ ፕሪስት»ን የጻፈው ኦክቶበር 11 ቀን 1727 ለተከበረው የጆርጅ ሁለተኛ የዘውድ በዓል ሲሆን ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ የዘውድ በዓል ሁሉ ተዘምሯል። ቃሉ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ካህኑ ሳዶቅ ሰሎሞንን ሲቀባው፣ መለከት ሲነፋ፣ ሕዝቡም «ሺህ ዓመት ይንገሥ» ሲል ነው።

ኳየሩ የሚገባው በ23ኛው ባር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት 22 ባሮች ትራምፔትና ቲምፓኒ (ትልልቅ ከበሮ) አንዲት ኖታ የላቸውም፤ ቫዮሊኖች እየተንከባለሉ ይወጣሉ። የሥራው ምሥጢር ያ መታቀብ ነው። ኦርጋኒስቱ የቫዮሊኑን ክፍል ሲይዝ የሚሠራው ስህተት ሁለት ነው፦ ጮክ ብሎ መጀመር፣ ጣቶቹንም እያያያዘ መጫወት። ድንጋይ ቤት ውስጥ የተያያዘው ሁሉ ጭጋግ ይሆናል። በ8 እና በ4 ጫማ ፍሉት ይጀምር፣ ኖታዎቹን በጥቂቱ ይለያያቸው፣ የስዌል ሳጥኑን (ቧንቧዎቹን ሸፍኖ ድምፃቸውን የሚያፍነውን) ዝግ አድርጎ ይነሣና ከ15ኛው ባር በፊት አይክፈተው። ለአማተር ኳየር ሲባል ለብራሱ መግቢያው ላይ ኖታ የሚጨምሩ ቅንብሮችም አሉ። አንመክራቸውም፤ 23ኛው ባር ላይ የሚቀር ነገር የለም።

ድምፁ ሰባት ነው፦ ሁለት ሶፕራኖ፣ ሁለት አልቶ፣ አንድ ቴነር፣ ሁለት ባስ። 24 ሰው ያለው ኳየር ሰዎቹን ለአራት እኩል ቢከፍል ቴነሩ ስድስት፣ እያንዳንዱ ሶፕራኖ ሦስት ይሆናል፤ ላይኛው መስመር ይሳሳል። ሶፕራኖዎቹን ስምንት፣ ቴነሮቹን አራት ማድረግ ይሻላል። በ1727 ራሱ ነገሩ ያለችግር አላለፈም፦ ሊቀ ጳጳሱ ዊልያም ዌክ በያዙት የሥርዓት ጽሑፍ ዳር ላይ ሙዚቃው እንደተመሰቃቀለ ጽፈው ትተዋል።

በጆሮ መከተል

ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ኦርጋኑ ከመሪው 50 ሜትር ከራቀ ድምፁ የሚደርሰው በ0.15 ሴኮንድ ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 100 ምት በሚሄድ ሙዚቃ ይህ ልክ አንድ ሰሚኩዌቨር (የአንድ ምት ሩብ) ነው። ኦርጋኒስቱ ኳየሩን እየሰማ ከተከተለ፣ ኳየሩም እሱን እየሰማ ከጠበቀ፣ መዝሙሩ ባር በባር እየከበደ ይሄዳል። መድኃኒቱ ሁሉም የመሪውን እጅ ማየቱ ነው፤ ኦርጋኒስቱም ለራሱ ጆሮ የቀደመ እስኪመስለው ድረስ እጁን ይመን። በካሜራ የሚያይ ከሆነ በሽቦ የተያያዘ ይሁን። በኢንተርኔት የሚተላለፍ ምስል ከድምፁ የባሰ ይዘገያል።

ብራሱን ከኳየሩ ጀርባ መደርደር

እኛ አገር ብራስ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የማርሽ ባንድ ነው፤ ሜዳ ላይ ድምፁ ይበተናል፣ መጮኽም አለበት። ድንጋይ ጣሪያ ሥር ግን የተነፋው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ትሮምቦን ከዘማሪ ማጅራት አንድ ሜትር ላይ ከተቀመጠ ዘማሪው ራሱን መስማት ያቅተዋል፣ ይጮኻል፣ ቅኝቱን ያጣል፤ ጆሮውም ይጎዳል። ብራሱን በጎን፣ አፉን ወደ ተቃራኒው ግድግዳ አዙረው ያስቀምጡ። ሆርን አፉ ወደ ኋላ ስለሆነ ግድግዳ አያስደግፉት። በኖታው ላይ ሁለት ኤፍ (በጣም ጮክ) የተጻፈበትን አንድ ኤፍ (ጮክ) ያድርጉት፤ ረጅም ኖታ ላይ አነሣሡን ጠንከር፣ ተከታዩን ቀለል ካደረጉት ቃሉ በዚያ ክፍተት ይሰማል።

ሕዝቡ የትኛውን ስንኝ እንደሚዘምር አለመንገር

በ1953 በንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ የዘውድ በዓል ላይ ቮን ዊልያምስ ያቀናበረው «ኦልድ ሃንድረድዝ» የተባለው መዝሙር ሕዝቡን ጨምሮ ተዘመረ። ዛሬ በየደብሩ የሚሳሳቱት አራተኛው ስንኝ ላይ ነው፤ እዚያ ኳየሩ በጆን ዳውላንድ ስምምነት (የድምፆች አጣጣም)፣ በለሆሳስ ብቻውን ይዘምራል። የታተመው ወረቀት «ኳየር ብቻ» ካላለ ሕዝቡ ከነሙሉ ድምፁ ይገባል። ዲስካንት (ከዜማው በላይ የሚዘመር ሌላ ዜማ) ያለበት የመጨረሻ ስንኝም ላይ ብራሱ፣ ኦርጋኑና ሶፕራኖው ከአንድ እትም ካልተነሡ የአንዱ ስምምነት ከሌላው ጋር ይጋጫል። ሕዝቡ የያዘውን መጽሐፍ ቁልፍም ያመሳክሩ።

ከንፈርን በልምምድ መጨረስ

ብራሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዕለቱ ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ በሙሉ ኃይል ካስነፉ፣ ለበዓሉ የሚቀርልዎ ያበጠ ከንፈር ነው። መግቢያዎቹን፣ ማብቂያዎቹንና ከኳየሩ ጋር የሚሻገሩባቸውን ቦታዎች ይለማመዱ፤ ከፍተኛው ኖታ ያለበትን ገጽ አንዴ ብቻ። ከልምምዱ እስከ በዓሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ዕረፍት ይስጡ።

ከስብከት በኋላ የሚመጣው መዝሙርም አለ። በ20 ደቂቃ ውስጥ መሣሪያው በርዶ ይወርዳል፣ የመጀመሪያው ኖታም ይሰነጠቃል። ሰባኪው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ከኦርጋኑ ወንበር ምልክት ይሰጣቸው። አፍ መንፊያውን በመዳፍ ያሙቁት፣ ውሃውን በጨርቅ ላይ ያፍስሱ፣ ድምፅ የሌለው ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ያህል በቱቦው ያሳልፉ።