ያልቆጠራችሁትን ትንፋሽ አትጻፉ

ሐዋሳ ውስጥ፣ በአንድ የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ጀምሮ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለውን ስላስተማረን አዲስ ተመራቂ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። አልጋው አጠገብ ምን እንደሚደረግ ሲጠይቁኝ ግን ከትንፋሽ እጀምራለሁ።

ጀማሪ ሳለሁ፣ አንድ አዳር የሁሉንም ታካሚ ትንፋሽ በደቂቃ «20» ብዬ ሞላሁ። ከእኔ በፊት የነበረችውም 20 ብላ ነበር። ጠዋት ርክክብ ላይ ኃላፊዋ ቻርቱን አየችና እጄን ይዛ አንድ አባት አጠገብ አስቀመጠችኝ። «ቁጠሪ።» 34 መጣ። በያንዳንዱ ትንፋሽ የአንገታቸው ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። ሐኪም ተጠራ፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ ተረፉ። ያ «20» ግን በፊርማዬ ቻርቱ ላይ ቀረ።

የእጅ ሰዓት ያዙ፤ ስልክ ካያችሁ አስታማሚው መልእክት የምትጻጻፉ ይመስለዋል። የልብ ምት እንደሚለካ ሰው የእጃቸውን አንጓ ይዛችሁ ደረታቸውን ተመልከቱ፤ ትንፋሹ እንደሚቆጠር ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይለውጣል። ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት፣ ትንፋሹ የተዛባ ሰው ላይ ያሳስታል። ያረፈ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ካልደረሳችሁ «አልተለካም» በሉ፤ ትወቀሱ ይሆናል፣ ተከታዩ ተረኛ ግን መለካት እንዳለበት ያውቃል። ስትሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዙ፣ ትክክለኛውን ከሰዓትና ከፊርማ ጋር ጻፉ። ፍሉድ አትቀቡ።

ሲዳምኛ ብቻ የምትናገር እናት ስትመጣ ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ፈልጉ እንጂ ልጇን አታስተርጉሙ። እናት በልጇ ፊት ስለሚፈሳት ደም እንዴት ትናገር?

ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ስትበሉም የታካሚ ነገር አታንሡ። ስም ባትጠሩ እንኳ የአልጋው ቁጥርና የመጣበት ቀበሌ ይበቃል፤ ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ወንድሙ ተቀምጦ ይሆናል።

አሁን አዲስ ነርስ ሲመደብልኝ በመጀመሪያው ቀን አንድ ታካሚ አስፈቅደን አጠገባቸው እንቀመጣለን። ለየብቻ ቆጥረን ወረቀታችንን እናስተያያለን። ከሁለት በላይ ከተለያየን እንደገና እንቆጥራለን።