የእጅ ባትሪ ሲግል፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ ባለችው የጥገና ሱቄ "ይሄ ባትሪ ችግር አለበት፣ ይግላል" ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። መብራት በሚጠፋፋበት ሰሞን ደግሞ ይብሳል። ከዚሁ ልጀምር፣ ምክንያቱም ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

ኤልኢዲ፣ ማለትም የዛሬዎቹ ባትሪዎች በአምፖል ፈንታ የሚያበሩበት መብራት፣ አይሞቅም የሚል ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግን ስንቱን ጥሩ ዕቃ አስመለሰ! የድሮው አምፖል አብዛኛውን ሙቀቱን ከብርሃኑ ጋር ወደ ውጭ ይረጨው ነበር። ኤልኢዲ ግን ከሚበላው ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን እዚያው ቺፑ (ብርሃን የምትሰጠው ትንሿ ቁራጭ) ላይ ሙቀት ያደርገዋል። መውጫው አንድ መንገድ ነው፤ ከቺፑ ወደ ተበየደባት ሳህን፣ ከሳህኗ ወደ አሉሚኒየሙ አካል፣ ከዚያ ወደ እጃችሁና ወደ አየሩ። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ሙቀት ከተሰማችሁ ደስ ይበላችሁ፣ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ በከፍተኛው ብርሃን ቆይቶ ምንም የማይሞቀው ነው። አንዱን ደንበኛ "አይግልም፣ ምርጥ ዕቃ ነው" ብሎ ያሞገሰውን ፈትቼ አሳየሁት። ሳህኗ ጠርዟ ላይ ሁለት ጠብታ ሙጫ አላት፣ ከሥሯ ባዶ አየር ነው። አሉሚኒየም ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ አየርን በሺዎች እጥፍ ይበልጠዋል። የቺፑ ቢጫ ሽፋን ጠቁሯል፣ ብርሃኑም ወደ ሰማያዊ አድልቷል። ሰውዬው "ድንጋዩ ነው የደከመው" እያለ ድንጋይ ሲቀያይር ነበር የከረመው። እባካችሁ፣ ስትገዙ ጭንቅላቱ ከበድ ያለ የብረት አካል ያለውን ምረጡ።

መብራት ሲጠፋ ባትሪውን ወደ ጣሪያ አዙሮ ጠረጴዛ ላይ ማቆም ጥሩ ዘዴ ነው። ከፍተኛው ላይ ትቶ መሄድ ግን ስህተት ነው። አውራ ጣት የምታህል ባትሪ 1,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ስታበራ 10 ዋት አካባቢ ትበላለች። እጅ ውስጥ ስትሆን ደማችሁ ሙቀቱን ይወስድላታል፣ በእግር ስትሄዱ ነፋሱም ያግዛታል፤ ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት፣ አየሯ ስስ ስለሆነ ዕቃ የማቀዝቀዝ አቅሙ ከቆላው ያንሳል። ዝግ ክፍል ውስጥ የከተማችንን ብርድ አትተማመኑበት። መካከለኛው ብርሃን ለሳሎን ከበቂ በላይ ነው።

"ብርሃኑ በራሱ ቀነሰ" ብሎ ቁልፉን ደጋግሞ መጫንም ይቅርባችሁ። ሞቆ ከቀነሰ ራሱን ከሙቀት እየጠበቀ ነው።

አንድ በጥበቃ ሥራ ያሉ አባት ጋቢያቸውን ይዘው መጡ፤ ጥለቱ አጠገብ የሳንቲም መጠን ያለው ቡኒ ክብ። ባትሪው ሳያውቁት በርቶ፣ ፊቱን ወደ ጨርቁ አድርጎ ቆይቷል። ጥቁር ጃኬት ቢሆን ኖሮ ብርሃኑን ስለሚመጥ ከዚህ ፈጥኖ ይጨስ ነበር። "ጋሼ፣ ኪስ ከመክተትዎ በፊት የኋላ ክዳኑን ትንሽ ላላ ያድርጉት" አልኳቸው። ብዙዎቹ ባትሪዎች እንዲህ ሲሆኑ ቁልፉ ቢነካም አይበሩም። ይቺን ለማስለመድ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ለወላጆቻችሁ አሳዩአቸው።

18650 በሚባለው፣ ቻርጅ በሚደረገው ሊትየም ድንጋይ ላይ 9,900 ሚሊአምፔር አወር (ድንጋዩ የሚይዘው መጠን) የሚል ጽሑፍ ካያችሁ አትግዙት፣ ውሸት ነው። ጥሩ የሚባሉት እንኳ 3,500 አካባቢ ናቸው። ደካማ ድንጋይ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲጠየቅ ራሱ ይግላል፣ ያኔ ባትሪው ከፊትም ከኋላም ይጋገራል።

ራሳችሁ ለምትጠግኑ፦ ከሳህኗ ሥር የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፓስታ የሚሉት) ስስ ይሁን። ሲወፍር ራሱ ሙቀቱን ያግዳል።

ባትሪው እንደጋለ ቻርጅ ላይ መሰካት የመጨረሻው ስህተት ነው። ሊትየም ድንጋይ ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ቻርጅ መደረግ የለበትም። ክዳኑን ፍቱት፣ ድንጋዩን አውጡት፣ እጃችሁ ውስጥ ቀዝቀዝ ሲል ሰኩት። አብጦ ወይም ልባሱ ተልጦ ካያችሁት ግን መልሳችሁ አታስገቡት።