በላስቲክ ጠርሙስና በጀሪካን የሰርጓጅ መርከብ ትምህርት፦ ለድሬ የሳይንስ ክበቦች

የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ የምትመሩ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ልጆች ስለ ሰርጓጅ መርከብ መጠየቃቸው አይቀርም፣ የሚጠይቁትም ስለ ሚሳይሉ ነው። ሚሳይሉን ተዉትና ከውሃው ጀምሩ።

ባለ 2 ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ እና የቢክ እስክሪብቶ ክዳን ይበቃችኋል። የክዳኑ ጫፍ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በማስቲካ ድፈኑ። ማንጠልጠያው ጫፍ ላይ ቀጭን ሽቦ ጠምጥሙ። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሞክሩት፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ብቻ ብቅ ካለ ልክ ነው፣ ከሰጠመ ሽቦውን ቀንሱ። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሙሉ፣ የቢኩን ክዳን ውስጡ ጨምሩ፣ ጠርሙሱን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉት። ጨመቅ ስታደርጉት ይሰምጣል፣ ስትለቁት ይወጣል። ይሄን ጥላ ውስጥ ስሩ፣ የድሬ ፀሐይ ማስቲካውን ያልፈሰፍሰዋል።

ልጆቹን ጠጋ ብለው ክዳኑን እንዲያዩ አድርጉ። ስትጨምቁ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባና አየሩን ያጨናንቀዋል፣ ክዳኑም ይከብዳል። እውነተኛው መርከብ ታንኮቹን ውሃ አስገብቶ ይሰምጣል፣ ለመውጣት ደግሞ በታመቀ አየር ውሃውን ገፍቶ ያስወጣል።

አሁን ታሪኩን አምጡ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሰርጓጅ ትምህርት ቤት ያለው ኮነቲከት፣ ግሮተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ኤስ-4 የተባለች ሰርጓጅ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰመጠች። ስድስት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ በሕይወት ነበሩ፤ ጠላቂዎች ከውጭ ብረቱን ሲያንኳኩ እነሱም ከውስጥ እያንኳኩ ይመልሱ ነበር፣ ግን ማውጫ መንገድ ስላልነበረ አየሩ አልቆባቸው ሞቱ። ከዚህ በኋላ ነው ለማምለጫ መሣሪያና ሥልጠና ትኩረት የተሰጠው። በ1930 ግሮተን ላይ 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የውሃ ማማ ተሠራ፣ ሠልጣኞቹም ከሥር ተነስተው እየተንሳፈፉ ወደ ላይ መውጣት ይለማመዱበት ጀመር። በ1939 ስኳለስ የተባለች ሰርጓጅ ከ70 ሜትር በታች ስትሰምጥ 26 ሰዎች ሞቱ፣ 33ቱን ግን ደወል የሚመስል የማዳኛ ክፍል ከላይ ወርዶ አወጣቸው።

ማማው ውስጥ ዋናው ትምህርት ወደ ላይ ሲወጡ አየር ከሳንባ ማውጣት ነበር። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከመሬት በላይ ካለው 4 እጥፍ ነው፣ ስለዚህ እዚያ የተሳበ አየር እስከ ላይ ሲደርስ 4 እጥፍ ይሰፋል። ትንፋሹን ቋጥሮ የወጣ ሰው ሳንባው ይቀደዳል። ዋና ገንዳ ሄደን እንሞክር የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ቁርጥ ያለ እምቢ በሉት።

የመጨረሻው ልምምድ ልጆቹ የሚወዱት ነው። በሰርጓጅ ትምህርት ቤት ውሃ የሚያፈነዱ ቧንቧዎች ያሉበት ክፍል አለ፣ ሠልጣኞቹ እየበሰበሱ ቀዳዳውን ይደፍናሉ። እናንተ አሮጌ ጀሪካን ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጡና ከላይ፣ ከመሃልና ከታች እኩል ቀዳዳ ብሱ። ከሥር ሰፋ ያለ ሳፋ አኑሩ፣ ድሬ ላይ ውሃ ማባከን ነውር ነው። ስትሞሉት የታችኛው በኃይል ርቆ ይተኩሳል፣ የላይኛው እዚያው ይንጠባጠባል። ጥልቀት በጨመረ ቁጥር ግፊት መጨመሩን በዚህ ያዩታል። ከዚያ ለሁለት ለሁለት ከፍላችሁ ጨርቅና ገመድ ስጧቸው፣ እነሱ ሲደፍኑ አንዱ ልጅ ውሃ ይጨምር። የቱን ቀድመው እንደሚይዙ አትንገሯቸው፤ ብዙዎቹ አጠገባቸው ወዳለው ቀዳዳ ይሮጣሉ፣ ከታች ያለው ደግሞ ጀሪካኑን ያራግፈዋል።

የኛ ባሕር ኃይልስ ብሎ የሚጠይቅ አለ። ምጽዋ ላይ ቤዝ ነበረን፣ የባሕር ኃይል ኮሌጅም ነበረን፣ ኖርዌጃውያን መኮንኖችም አሠልጥነዋል፤ ሰርጓጅ ግን ኖሮን አያውቅም። ሰፈራችሁ የድሮ መርከበኛ ካለ ጋብዙት፣ የመርከብ ላይ እሳት እንዴት እንደሚጠፋ እሱ ያስረዳቸዋል።